ከጅኒ ጋር የምትጣላው ሰሊማ

ሰሊማ የቴኳንዶ አስተማሪዋን ማስተር ዘመድኩንን የተቀየመችው ገና ኮረዳ ሳለች ነው። ቂሟም ሌላ አይደለም፤ ፋይት አላስገባኝም ነው። ሰው ቢሰማው ይስቃል። እሷ ግን ባል አግብታ፣ ባል ቀብራ፣ አርባን ተሻግራም ነገሩ ከሆዷ አልወጣላትም።

ያኔ ከሚሴ ላይ ቴኳንዶ የሚሠራው በአንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ውሃው ሊሾው ላይ ሲጠራቀም ልጆቹ እየዘለሉት ይሠራሉ። ወንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይፋለማሉ። ዘመድኩን ታዲያ ወደ ሰሊማ ዞር ይልና፣ «አንቺ ጥግሽን ያዢና ፓተርንሽን ሥሪ» ይላታል። ፓተርን የሚሉት ተራው የማይዛነፍ እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ግራ ትዞሪና ዝቅ አድርገሽ ትመክቻለሽ፣ አንድ እርምጃ ገብተሽ በቡጢ ትመቻለሽ፣ ትዞሪያለሽ፣ ደግመሽ ትመክቻለሽ። ሁሉ ነገር አለው፤ የሚመታ ሰው ብቻ የለውም።

«ማስተር፣ ማንን ነው የምመክተው?»

«ከፊትሽ የቆመውን።»

«ማንም የለም እኮ።»

«አላየሽውም እንጂ አለ። እስክታዪው ሥሪ።»

ዓይኗ እስኪፈዝ ታፈጣለች። የምታየው የተላጠ የግድግዳ ቀለም ነው።

አንድ ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን፣ ክለቡ ትርኢት ሊያሳይ ወደዚያ ሄደ። ወንዶቹ ሲፋለሙ ገበያተኛው አጨበጨበ። ቀጥሎ ዘመድኩን ሰሊማን ብቻዋን ሜዳው ላይ አቆማት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ጀመረች፤ እስከ መሃሉም ጥሩ ሄደች። ዞራ ቡጢዋን ስትሰነዝር ከሕዝቡ ውስጥ አንዱ፣ «ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምትጣላው? ከጅኒ ጋር?» አለ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሰሊማ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋባት። ትንሽ እንደዚያው ቆማ ቆየችና ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ከሜዳው ወጣች።

ከሚሴ ስትመለስ ስሙ ቀድሟት ገብቶ ጠበቃት። «የጅኒዋ» ተባለች። አባቷም፣ ልጄ በአደባባይ ከማይታይ ነገር ጋር ስትጣላ ታየች ከተባለማ ማን ያገባታል ብለው ወደ አዳራሹ ድርሽ እንዳትል ከለከሏት። ያ ነው እንግዲህ ሆዷ ውስጥ የቀረው። ወንድ ቢሳሳት ከፊቱ ያለው ሰው ስህተቱን ይሸፍንለታል። እሷን ግን ዘመድኩን ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ለብቻዋ አሳጣት። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከፊቴ ቢያቆምልኝ ምን ነበረበት ትላለች።

ሲራጅ ግን አገባት። የአይሱዙ ሾፌር ነበር፣ ሳቂታ ሰው። ከመንገድ ሲገባ፣ «ጅኒዬ፣ ዛሬ ማንን ደበደብሽልኝ?» ይላታል፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ አይከፋትም። ልጅ አላህ አልሰጣቸውም። እሱ በመኪናው፣ እሷ ገበያ ውስጥ ሽርጥና ሻሽ በምትሸጥበት መደቧ፣ እንዲህ ሲኖሩ ኖረው ባለፈው ክረምት ሲራጅ ከነመኪናው ገደል ገባ።

ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኗን፣ እስክትጨርስ ከቤቷ አትወጣም። ሰሊማም ተቀመጠች። ይሄ የአላህ ትእዛዝ ነው፣ አልከበዳትም። የከበዳት ከዒዳው በኋላ የመጣው ነው።

ግቢው የሁለት ወንድማማቾች ነው። በአንድ በኩል የሲራጅ ቤት፣ በሌላው በኩል የታላቅየው የአብዱልጀሊል ቤት፤ መውጫው ግን አንድ የብረት በር ነው። ዒዳዋ ያለቀ ጊዜ ሰሊማ ጫማዋን አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ጋሼ፣ በሩ ተቆልፏል።»

«አዎ፣ ሰሊሜ» አላት አብዱልጀሊል። «ጊዜው ደግ አይደለም።»

«ወደ መደቤ ልሄድ ነው።»

«መደብሽን ልጆቹ ይዘውልሻል። አንቺ እረፊ።»

«አልደከመኝም እኮ።»

«የሐዘን ድካም ኋላ ነው የሚታወቀው።»

አይጮህም፤ አይሳደብም። ቢሳደብ እሷም ምላስ አላት። እሱ ግን ፈገግ ይላል፣ ሥጋ ሲገዛ ለእሷም ይልካል፣ ስልኳንም የወሰደው «ሰው እየደወለ ሐዘንሽን እንዳይቀሰቅስብሽ» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ በምን አፍ ይጮሃል።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። ሰሊማ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እነሱ ከወዲያ ተቀመጡ።

«ሰሊማ፣ የወንድሙ ቤት እንዳይዘጋ አብዱልጀሊል ሊወርስሽ ፈቅዷል» አሉ አንደኛው። «ያንቺስ ሐሳብ?»

የሟች ወንድምን ሚስት መውረስ እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሰሊማም እንደሚመጣ ጠርጥራ መልሷን ካዘጋጀች ቆይታለች። አፏን ስትከፍት ግን ምንም አልወጣም። እጇ ጉልበቷ ላይ ደረቀ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው መቁጠሪያውን አንቀጫቀጨ።

«ዝም አለች። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አለ አንዱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ የቀሩት። ዱዓ ተደረገ፤ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ ይንቀጫቀጭ ጀመር። የሰሊማ ምላስ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። «አልፈልግም» አለች። ድምጿ መጋረጃውን አላለፈም። የሰማቻት ሻይ የምትቀዳው መሊካ፣ የአብዱልጀሊል ሚስት፣ ብቻ ናት።

«እኔ ሰምቼሻለሁ» አለች መሊካ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «እኔን ግን ማን ሊሰማኝ።»

በማግስቱ ሰሊማ አብዱልጀሊልን ከቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እሺ አላልኩም።»

«እምቢም አላልሽም።»

«ምንም አላልኩም።»

«እሱኑ ነው እኮ የምልሽ።» ፈገግ አለ። «ወንድምሽ በድሩም ሰንበቴ ድረስ ሰው ተልኮበት ሰምቷል። ደስ ብሎታል። ማሽላው ይግባና ኒካሑን እናስራለን።»

ማሽላውም መግባት ጀመረ። አብዱልጀሊል ጨፋ ላይ ሰፊ መሬት አለው። ጎተራዬ ሞላ አለና ጆንያውን ወደ ሰሊማ ቤት ያስገባው ጀመር፤ «ለጊዜው ነው፣ ሰሊሜ።» መጀመሪያ በግድግዳው በኩል ተደረደረ። ቀጥሎ ሁለተኛ ረድፍ መጣ። ቀጥሎ የሲራጅ አልጋ ወጣና በቦታው ጆንያ ተቆለለ። ያም ለጊዜው ነው። ሰሊማ ማታ ስትተኛ የማሽላው አቧራ ያፍናታል፤ ጠዋት ስትነሳ ወለሉ ከትናንቱ ያነሰ ይመስላታል። መስኮቱ በሽቦ የታጠረ ነው። በእሱ አሻግራ የምታየው የብረቱን በር ጀርባ ነው።

አንድ ረፋድ መቀመጥ አቃታት። ተነስታ ከጆንያው መሃል ቆመች። ምን እንደምታደርግ አላሰበችም። ግራ እግሯ ዞረ፤ ግራ እጇ ወረደ፤ መከተች። ቀኝ እግሯ ገባ፤ ቡጢዋ ተሰነዘረ። ደነገጠች። ፓተርኑ ከጭንቅላቷ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፤ ከእግሯ ላይ ግን አልጠፋም። «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብላ ስታስብ ይሳሳትባታል፤ ስትተወው እግሯ ራሱ ያውቀዋል። እንዲህ እያለች መሃሉ ላይ ደረሰች። ዞረች፣ ቡጢዋን ዘረጋች፣ እና ቆመች። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ቦታ ስትደርስ ቆመች። በነጋውም ሞከረች፤ እዚያው። ሰሊማ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ አሰበችው። እግሬ ባቲ ላይ የቆመበትን ቦታም ይዞ ነው የኖረው አለች በሆዷ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝም የቆምኩት እዚሁ ላይ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግትር አለች። እናቷ «ግትር» ይሏት የነበረው ለዚሁ ነው። በየጠዋቱ ተነስታ ትሠራለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትሠራለች። አዳዲስ ጆንያ ሲገባ እርምጃዋን ታሳጥራለች። መራመጃ ሲጠፋ ዳሌዋን ዝቅ አድርጋ ባለችበት ትዞራለች። ጭኗ ይቃጠላል። ልብሷ በላብ ይነከራል።

አንድ ጊዜ እንደዚህ ስትሠራ ሽቦው ላይ ሁለት ዓይን ተለጠፈ።

«አዑዙ ቢላህ» አለች መሊካ ከውጭ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቂብላው በወዲያ ነው። ወዴት ዞረሽ ነው የምትሰግጂው?»

«እየሰገድኩ አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትመቺው?»

«እንጃ።»

«ያረቢ። እውነትም ጅኒ አለብሽ ማለት ነው።»

«ቢኖርብኝማ ባልሽ ላይ እልከው ነበር።»

መሊካ ሳቋ አመለጣት። ግራ ቀኝ አይታ ገባችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሰሊማም ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ባቲን፣ ሳቁን፣ መሃሉ ላይ እንደሚቆምባት።

«እግርሽና አፍሽ አንድ ላይ ነው የሚቆሙት?» አለች መሊካ።

«አንድ ላይ።»

«ጉድ ነው። የኔ አፍ እንኳ እግሬ ቢቆረጥም አይቆም።»

«ተነሽና ከፊቴ ቁሚልኝ።»

«ልትደበድቢኝ?»

«አልነካሽም። እጄ ሲዘረጋ ሳቂብኝ ብቻ።»

«እሱማ አያቅተኝም» ብላ መሊካ ተነሳች። «ደግሞ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጣውንት ሆነሽ እንዳትመጪብኝ ነው።»

«ገብቶኛል። ቁልፉን ብትሰርቂልኝ ደግሞ ይበልጥ ይገባኝ ነበር።»

«ቁልፉን ባገኘውማ ቀድሜሽ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ አብዱልጀሊል መስጊድ ወይ ገበያ ሲሄድ መሊካ ትመጣለች። ሰሊማ ትሠራለች፤ መሃሉ ላይ ስትደርስ መሊካ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሳቅ ታውቅበታለች፤ የጥርስ ሳቅ፣ የአፍንጫ ሳቅ፣ የሽማግሌ ሳቅ። አንዳንዴ ድምጿን አወፍራ፣ «ሰሊማ፣ ያንቺስ ሐሳብ?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሰሊማ በዚህ ጥያቄ እንባዋ ይመጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ እንባው እየመጣ እግሯ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ ተንቀጥቅጦ፣ ኋላ ዝም ብሎ። ሳቁ እዚያው አለ፤ እሷ ግን ቀጥሎ ያለው እንቅስቃሴ ላይ ደርሳለች።

ፓተርኑ መጨረሻው ላይ ጩኸት አለው፤ ከሆድ የሚወጣ። ሰሊማ የመጀመሪያውን ስትሞክር የታነቀች ዶሮ ይመስል «ክህ» የሚል ድምፅ ወጣት። መሊካ ሳቅ ጣላት፤ ይሄኛው የይምሰል አልነበረም።

«በይ እንደገና» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ይሄንን ሰምቶማ ሽማግሌ ሁሉ ውሃ ነው የሚያመጣልሽ።»

ማሽላው ገብቶ አለቀ። የኒካሑ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ የብረቱ በር ለእንግዳ ተከፈተ። ሴቶች ሰሊማን አዲስ ልብስ አልብሰው ከጆንያዎቹ መሃል አስቀመጧት። በሽቦው ውስጥ ወንድሟን በድሩን አየችው፤ ከሰንበቴ የከብት ገበያ ቀጥታ የመጣ ነው፣ ዱላውን እንኳ አላስቀመጠም። ኒካሕ አሳሪው ሼህ አብዱሰላም መሃል ላይ ተቀምጠዋል።

«በድሩ፣ አባቷ ከሌሉ ወልይዋ፣ የምትድራት አንተ ነህ» አሉ ሼሁ። «ጠይቃችኋታል?»

«ተጠይቃለች አሉኝ።»

«ጠይቀናል» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ዝም አለች።»

ሰሊማ ተነሳች። ከሴቶቹ አንዷ ቀሚሷን ያዘች፤ መሊካ የሴትዮዋን እጅ መታ አድርጋ አስለቀቀቻት። ሰሊማ ወደ ግቢው ወጣችና ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች።

አብዱልጀሊል ፈጥኖ ተነሳ። ያው ፈገግታው አለ። «ሰሊሜ፣ ግቢ እንጂ። ይቅርታ ወገኖቼ፣ ያማታል፤ ታውቃላችሁ የቆየ ነገር አለባት።»

«የባቲው ጅኒ ተነሳባት» አለ አንዱ ከኋላ፣ ድንኳኑም ሳቀ።

ሳቁ ያው የባቲው ሳቅ ነበር፤ አንዱም አልጎደለም። እጇ ሲደርቅ ተሰማት። አብዱልጀሊል ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ያን ጊዜ ዳሌዋ ወረደ። እሷ አላዘዘችውም። አንድ እግሯ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ፣ ጉልበቷ ታጠፈ፤ በዚያ ጠባብ ወለል ላይ በየቀኑ እንደቆመችው ቆመች። አብዱልጀሊል ጎተተ። ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ጎተተ፤ ጫማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተበት። ፈገግታው ጠፋ። ሰሊማ ፊቱን አየችው፤ ላቡን፣ የተቆጣ ዓይኑን፣ ሰው እያየኝ ነው የሚለውን ፍርሃቱን። ዞር አለችና እጇን ወደ ታች አወረደችው። የያዛት እጁ ተላቀቀ። ቡጢዋ ጎኗ ላይ ተዘጋጅቷል። ልትመታው ትችል ነበር፤ ሁሉም አይተውታል፣ እሱም አይቶታል። አልመታችውም። አፏን ከፈተች።

«አልፈልግም።»

ከሆዷ ነው የወጣው። በጉ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ቢላቸውን ይዘው ዞሩ።

ሼህ አብዱሰላም እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ማንም እንዳይጠራጠር በኦሮምኛም በዪው።»

«ሂን ፌዹ» አለች። «አብዱልጀሊልን ባል አድርጌ አልፈልግም። ያን ቀንም አልፈለግሁም። ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው።»

ሼሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ዝምታ ለልጃገረድ ነው። ባል የቀበረች ሴት በአንደበቷ መናገር አለባት። እናንተ ግን ዝምታ ይዛችሁልኝ መጣችሁ።» እጃቸውን ወደ ሰሊማ ዘረጉ። «አሁን ተናገረች። እዚህ የሚታሰር ኒካሕ የለም።»

በድሩ ወደ እህቱ መጣ። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«በምን ልንገርህ? ስልኬ እሱ ዘንድ ነው። በሩም የተከፈተው ዛሬ ለእናንተ ነው።»

በድሩ አብዱልጀሊልን አየው። አብዱልጀሊል መሬት መሬት አየ። ከዚያ በድሩ ዱላውን ድንኳኑ ላይ አስደግፎ ወደ እህቱ ቤት ገባ፤ ሲወጣ የመጀመሪያው ጆንያ ትከሻው ላይ ነበር። ሌሎችም ተነስተው ተከተሉት። መሊካ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «በጉ በስሏል፣ ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ» አለች። ሰው ሁሉ ወደ ገበታው ሲዞር ባሏ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

የበሩ ቁልፍ ተለውጦ አንዱ ለሰሊማ ተሰጣት። ወደ መደቧም ተመለሰች። ሰው ዘመድኩንን ልታመሰግኚው ይገባል ሲላት ግን ትቆጣለች። ያስተማረኝ እውነት ነው፣ ግን ገና አልጨረሰም ትላለች።

እናም አንድ ቅዳሜ መደቧን ቶሎ ዘግታ ቱታ ሱሪ ከቀሚሷ ስር ለብሳ ወደ አዳራሹ ሄደች። ዘመድኩን አርጅቷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ልጆች እያሠራ ነው።

«ማስተር፣ ሰሊማ ነኝ።»

አውቋታል። ለባቲው ይቅርታ ሊላት መሰል አፉን ከፈተ።

«እሱን ይተዉት» አለችው። «ፋይት ያስገቡኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ያኔማ በዚያ ዕድሜዬ አላስገቡኝም።»

ዘመድኩን አንዲት ቀይ ቀበቶ የታጠቀች ወጣት ጠራ። «ነፃነት፣ ነይ። ቀስ አድርገሽ።»

«ቀስ አታድርጊ» አለቻት ሰሊማ።

ጓንት አሰሩላት። ሁለቱ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ዘመድኩንም ጀምሩ አለ። የነፃነት የመጀመሪያ እርግጫ ሰሊማ ገና እጇን ሳታነሳ ጎኗን አገኛትና ሊሾው ላይ በቂጧ ተቀመጠች። ልጆቹ ሳቁ። ሰሊማ አንድ እጇን ወለሉ ላይ ደግፋ ተነሳች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ወደ ልጅቷ ገባች።